ሰብል ገብታ የተያዘችው መኪና

አፌ ነው ጉዴ። ሌላው ሰው በእጁም በእግሩም ይሳሳታል፤ እኔ ሁልጊዜ የምሳሳተው በአፌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት በአንዱ ኅዳር፣ ባሕር ዳር ያለው የመኪና ክበባችን ለቅዳሜና እሑድ የት እንውጣ ብሎ ተሰብስቦ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁና «ፎገራን ለእኔ ተዉልኝ» አልኩ። «እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው። በዚያ አገር የማያውቀኝ ሰው የለም፤ ሜዳውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማቋርጣችሁ።»

ዓይኔን መጨፈኑ እንኳ እውነት ሆነ።

ነገሩን ላውጣው። ከቁሐር የወጣሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ እኔን ይዛ ባሕር ዳር ገባች። ከዚያ ወዲህ ወረታ የሄድኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ለለቅሶ፣ ሦስቱንም ጊዜ እግሬ ከአስፋልቱ ሳይወርድ። እናቴም ካረፈች ቆይታለች። ግን ሰው «አገርሽ የት ነው?» ሲለኝ «ፎገራ» ማለት ደስ ይለኛል፤ ደስ የሚለኝን ነገር ደግሞ አሳንሼ መናገር አልችልበትም። ቢሮ ተቀምጬ የሰው አገር ካርታ ስሥል የምውል ሴት ነኝ። እኔም የራሴ የምለው አገር፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው አለኝ ብዬ ማሰቡ ያኮራኛል። ያን ቅዳሜ ይህንኑ ኩራት ጭኜ ወጣሁ።

ስለ ክበባችን ጥቂት ልበል። በደንባችን ላይ ዓላማችን «ተፈጥሮን ማድነቅ» ነው ይላል። በተግባር ግን ደኅናውን መንገድ ትቶ መጥፎውን መፈለግ ነው። ገበሬው መንገድ ይሠራልን እያለ ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ሲጠና፣ እኛ ናፍጣ ሞልተን መንገድ የሌለበትን ቦታ እናስሳለን። ሊቀመንበራችን የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጥላል። አንድ ጊዜ ሲነፋ መቆም፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ መንቀሳቀስ፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሻይ ማፍላት ነው። እስከ ዛሬ ሳንሳሳት የታዘዝነው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ከአሥራ አንዱ አባላት የመጣነው አራት ብቻ ስንሆን፣ መኪናችንም ሦስት ነው። አንደኛዋ የእኔ አሮጌ ፒካፕ ናት። ሁለተኛዋ የሊቀመንበሩ ነች። ሦስተኛዋ የጥርስ ሐኪሙና የሚስቱ ስትሆን፣ ሐኪሙ ጭቃ ጠብ ባለባት ቁጥር ወርዶ በጨርቅ ይጠርጋታል፤ ሚስቱ ደግሞ ከመኪናው ሳትወርድ «ብዬህ ነበር» ትላለች። ድንኳኑ፣ ተጣጣፊው ወንበር፣ የእጅ ራዲዮው፣ አካፋው፣ የብረት ገመዱ ሲጫን ላየን ሰው አገር ለቆ የሚሰደድ እንጂ አንድ ሌሊት ውጭ የሚያድር አንመስልም ነበር። ሐሳባችን ቅዳሜ ሜዳውን አቋርጠን ወደ ሐይቁ ጠጋ ብለን ልናድር፣ እሑድ ስንመለስ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብተን ወገባችንን ልናስታምም ነበር።

ወረታ ስንደርስ ቁርስ ለመብላት ቆምን። ሊቀመንበሩ ገና ሳይቀመጥ አስተናጋጇን ጠራና ወደ እኔ እያመለከተ «ይችን ታውቂያታለሽ?» አላት። ልጅቷ አገላብጣ አየችኝ።

«ባንክ ቤት የምትሠራዋ ናት?» አለች።

«አይደለችም።»

«እንግዲያ አላውቃትም።»

«በጠዋቱ አንድ ለዜሮ» አለ ሊቀመንበሩ እየሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ከተማና ገጠር አንድ አይደለም፣ ቁሐር ስንደርስ ታያላችሁ አልኩ። እንቁላል ፍርፍሩ ግን ሳይጥመኝ ቀረ።

ከከተማው ወጥተን ሜዳው ሲከፈት ልቤ ደነገጠ። እኔ የማውቀው ሜዳ የከብት ነበር። አሁን ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ከአጨዳ የቀረ የሩዝ አገዳ፣ ማለት ቀሪን፣ እና የሩዝ ክምር ነው፤ አንድም የማውቀው ነገር አላየሁበትም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ ደብቄ እያየሁ፣ በራዲዮው «እዚህ ጋ ግራ ነው፣ ይህችን መንገድ አሳምሬ አውቃታለሁ» እያልኩ መራኋቸው። ቁሐር ገብተን ትንሽ እንደሄድን አውድማ ላይ ሩዝ የሚወቁ ሰዎች አገኘን። አንዱ ጎልማሳ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ሰላም አለንና «መንገዷን ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ማሳው እንዳትገቡ» አለን።

«አታስብ፣ እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ» አልኩት በመስኮት።

ሰውየው የመኪናዬን ጣሪያ አየ፤ የተጫነውን ድንኳን አየ። «እሽ፣ ያገሬ ልጅ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ስሕተቴን ልናገር፤ ስሕተቴ ካለማወቅ አልመጣም፣ ከማስታወስ ነው የመጣው። በልጅነቴ እህል ከታጨደና ከተነሣ በኋላ ማሳው የሁሉም ነበር። የጎረቤት ከብት፣ የሩቅ ሰው ከብት፣ የሁሉም ከብት ገብቶ ቀሪኑን ይግጣል፤ ማንም ለምን ገባህ አይባልም። ይህን አባቴ ጀርባ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ ከፎገራ ከቀሩልኝ ጥቂት ትዝታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በግራ በኩል የታጨደ ሰፊ ማሳ ሳይ በኩራት ራዲዮውን አነሣሁ። «ሩዙ ተነሥቷል። አሁን ሜዳው የሁሉም ነው። ግቡ።»

የሐኪሙ ሚስት እንደልማዷ ሳይሆን ወረደችና ጎንበስ ብላ በቀሪኑ መሐል ብቅ ብቅ ያለውን ለምለም ነገር አየች። «ይኼ አረንጓዴ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አረም ነው። ሩዝ ሲነሣ ይበቅላል» አልኳት። በምን ያለ ልበ ሙሉነት እንደተናገርኩት ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ሊቀመንበሩ ፊሽካውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል የሆንነውን ሰው ባያየው ደግ ነበር። ሊቀመንበሩ መሪውን ጠምዝዞ እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ ሐኪሙ ይከተለዋል፤ እኔ በመሐላቸው እሰነጥቃለሁ። ሐኪሙ ጨርቁን ረስቶ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መሪ ነኝና ዝቅ ወዳለውና ይበልጥ ወደለመለመው ጫፍ አቀናሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። የፎገራ ዋልካ አፈር ላዩ ይደርቃል እንጂ ሆዱ ውስጥ ውኃ ይዞ ይከርማል። መኪናዬ አንድ ጊዜ ተንፈስ አለችና እስከ በሯ ገባች።

ነዳጅ ሰጠኋት፤ ጎማው ዞረ፤ ጭቃው ተረጨ፤ እሷ ወረደች። ሐኪሙ የብረት ገመዱን አስሮ ሊያወጣኝ ሲሞክር የእሱም የኋላ ጎማ ሰመጠ። ሁለት ሆንን። ሊቀመንበሩ ከሩቅ ቆሞ ፊሽካውን አንድ ጊዜ ነፋ፤ ቁሙ ማለቱ ነው። ቆመን ነበር።

ሰዎቹ ከአውድማው መጡ። አልሮጡም፣ አልጮኹም። አሥራ አምስት ያህል ናቸው፤ ፊት ፊት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዘንግ ይዘው ይሄዳሉ። ደርሰው መጀመሪያ ሰላም አሉን። እንዴት ዋላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው፣ አገሩ ደኅና ነው፤ አንዱንም ሳያስቀሩ። እኔን ያስፈራኝ ይኼው ሰላምታ ነው። ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንዷን ቡቃያ ነቀሉና ወደ እኔ ዘረጓት።

«ልጄ፣ ይች ምንድን ናት?»

«አረም» አልኩ።

 ከዚያ ያ ቅድም መንገድ ላይ ያገኘነው ጎልማሳ «ያገሩ ልጅ ነኝ ያለችው ይችው ናት» አለና ሁሉም ሣቁ። ሽማግሌው አልሣቁም።

«ጓያ ናት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «ሩዙ ሳይታጨድ ከሥሩ ትበተናለች። ሩዙ ሲነሣ እሷ በቀረው ርጥበት ተነሥታ ታድጋለች። ይኼ የታጨደ ማሳ አይደለም፤ የተዘራ ማሳ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። ጓያን እኮ አውቀዋለሁ፤ በሽሮ መልክ።

ከሰዎቹ ኋላ የማሳው ባለቤት መጡ። ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ማሳውን ራሳቸው ነው የሚያሳርሱት። እኛን አላዩንም። የጎማውን ፈለግ ተከትለው ከዳር ጀምረው መሄድ ያዙ፤ ሲታጠፍ ይታጠፋሉ፣ ሲመለስ ይመለሳሉ። ሊቀመንበሩ የዞረበት ቦታ ሲደርሱ እሳቸውም አንድ ዙር ዞሩና ቆሙ።

«እዚህ ጋ ምን ጠፍቷችሁ ነው የምትዞሩት?» ብለው ጠየቁን።

 ደንባችን ላይ ያለው «ተፈጥሮን ማድነቅ» ትዝ አለኝ፤ አፌን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩት።

መኪኖቹን ያወጡልን እነሱው ናቸው። ጭቃውን ዛቁ፣ ገለባ አምጥተው ከጎማው ሥር ጎዘጎዙ፣ በመጫኛ አስረው እየተቀባበሉ ጎተቱ። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አሉ ሽማግሌው የኛን የብረት ገመድ በዘንጋቸው ወደ ጎን እያደረጉ። ሁለቱም መኪኖች ወጡ። ኧረ እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠን ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይቅርታ አድርጉልን እያልኩ ወደ መኪናዬ ስገባ ሽማግሌው እጃቸውን በአፍንጫዋ ላይ አሳረፉ።

«እሷ ትቆያለች» አሉ።

የአገሩ ወግ ይኼው ነው። ሰብል የገባ ከብት ይያዛል፤ የሚለቀቀው ሽማግሌ ጥፋቱን አይቶ ሲፈርድና ባለከብቱ ዋስ ሲጠራ ነው። «የመራቻቸው የትኛዋ ናት?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ አመለከቱ፤ ቀድሞ ያመለከተው ሊቀመንበሩ ነው። መኪናዬን ነድቼ ባለማሳዋ ግቢ፣ ከበረቱ አጠገብ አቆምኳት። ያ ጎልማሳ የፊት መከላከያዋን በገመድ ከካስማ አሰረና አንድ ዕቅፍ ገለባ ከፊቷ ጣለላት። ሊቀመንበሩ ፎቶ አነሣት።

ፍርዱ አውድማው ዳር፣ ገለባ ላይ ተቀምጠን ተሰማ። ፈራጆቹ ሽማግሌውና ሌሎች ሁለት አባቶች ናቸው። ውሳኔው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የተረገጠውን ዛሬውኑ በእጃችን እንድንዘራው። ሁለተኛው የእኔ ብቻ ነው፤ ጓያው ደርሶ በሚነቀልበት ቀን ራሴ መጥቼ ከጠዋት እስከ ማታ በማሳው ላይ እንድሠራ፣ እንደምመጣም እዚሁ አገር የሚያውቀኝ ሰው ዋስ እንድጠራ። ዋስ ከሌለ መኪናዋ አትወጣም።

ሊቀመንበሩ ነጋዴ ነውና «አባቶቼ፣ ይኼን ያህል ከምንደክም የጠፋውን በብር እንተካ» አለ።

«ብር ልዝራ?» አሉት ባለማሳዋ።

ሊቀመንበሩ ሌላ መንገድ ሞከረ። «እንግዲያ እኔ ዋስ እሆናታለሁ» ብሎ መታወቂያውን አወጣ። ሽማግሌው ወረቀቱን ሳያዩት መለሱለት። «የሚያውቃት ያገር ሰው ትጥራ ነው ያልን። አንተንስ እዚህ ማን ያውቅሃል?»

ተራዬ ደረሰ። የአባቴን ስም ከነአያቴ ጠራሁ። የእናቴንም ስም ጠራሁ። ሦስቱ አባቶች ተያዩ። መቼም ልረሳው የማልችለው ነገር ከልባቸው መሞከራቸው ነው፤ ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም።

«የቱ እሱ? እግሩን የሚያመው?» አሉ አንደኛው።

«አይደለም።»

«ቤታችሁ በየት በኩል ነበር?»

«ትልቅ ዋርካ ነበር፣ ከዋርካው ዝቅ ብሎ» አልኩና በእጄ አመለከትኩ። ባመለከትኩበት በኩል ዋርካ የለም፤ ኖሮም አያውቅም አሉኝ።

«ወንዝ ማዶ የነበረው ይሆን?» አሉ ሁለተኛው።

ተስፋ አደረግሁ። «አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ።

«እሱማ ልጅ አልወለደም።»

ቢሥቁ ምንኛ ደግ ነበር። ማንም አልሣቀም። አባቴን ከሚያውቁት የሞቱት ሞተዋል፣ የሄዱት ሄደዋል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም። ሊቀመንበሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። የሐኪሙ ሚስት «ብዬህ ነበር» ያላለችበት ብቸኛ ሰዓት ይኼ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ሲያሾፉብኝ የነበሩ ሰዎች አሁን አዘኑልኝ። የመኪናዋ ነገር ከሐሳቤ ወጥቷል። ዕድሜዬን ሙሉ አገሬ ስል የኖርኩት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ይች የእገሌ ልጅ ናት የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ። እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ ክምሩ አዞርኩ።

«እኔ አውቃታለሁ» አሉ ባለማሳዋ።

ሁሉም ዞሩ። «አንች?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ። ዋሷ እኔ ነኝ።»

«አንች ተበዳይዋ አይደለሽ?»

«ነኝ። ተበዳይ ዋስ አይሁን የሚል አለ?»

ሦስቱ አባቶች አንገት ለአንገት ገጥመው ተመካከሩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ሽማግሌው «የሚከለክል አላገኘንም» አሉ። «ግን ከየት ታውቂያታለሽ?»

ባለማሳዋ የእናቴን ስም ጠሩ። «ይችን ስታዝላት አውቃለሁ። ሽንኩርት የምታህል ልጅ ነበረች። ጥጃ ትፈራ ነበር፤ ጥጃ ሲቦርቅ ካየች እናቷ ቀሚስ ሥር ነው የምትወሸቀው።»

አሁን ሣቁ፤ ሣቁ ደግሞ ሞቀኝ። ጥጃ መፍራቴን እኔ አላስታውስም። ግን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። «አዎ፣ በጣም እፈራ ነበር» አልኩ፤ ሽማግሌውም መኪናዋ ትፈታ አሉ። ለሊቀመንበሩ እንዴት ያለ ዓይን እንደወረወርኩለት አትጠይቁኝ። የሚያውቅሽ ሰው የለም ያለኝ ማን ነበር?

ከሰዓት በኋላ ስንዘራ ዋልን። ባለማሳዋ ዘር በየቁናው ሰፍረው ሰጡንና በአንድ መስመር አሰለፉን። ሊቀመንበሩ ጭብጥ ሙሉ እያነሣ ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ «ሙሽራ አጅበህ ነው እንዴ?» አሉት። ሐኪሙ በተቃራኒው አንዷን ፍሬ ከሌላዋ እኩል አርቆ፣ ጥርስ እንደሚተክል፣ ጎንበስ ቀና እያለ ይደረድራል፤ «አንተ በዚህ አያያዝህ እስከ ፋሲካ አትጨርስም» አሉት። ሚስቱ ብቻ አሳምራ በተነች። እኔን «ያገሩ ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ ሹፈት ነው፣ ግን አልከፋኝም። ድንኳኖቻችንን እዚያው ግቢያቸው ጥግ ተከልን፤ እሑድ ጠዋት ወንዛዬን ሳናይ፣ ወገባችን እንደተቆረጠ ወደ ባሕር ዳር ተመለስን።

መጋቢት ላይ ሽማግሌው ስልክ ደወሉልኝ። «ሐሙስ ነቀላ ነው» ብለው ዘጉት። ይኼን ክፍል መናገሩ ያሳፍረኛል። ሐሙስ ለእኔ የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ሳምንት የማስረክበው ካርታ ነበረኝ፤ ክረምት ይግባ በጋ ይውጣ የማያልቅ ሥራ ነው። ወረታ የማውቀው አንድ ደላላ ጋ ደውዬ በእኔ ፈንታ የሚነቅል የቀን ሠራተኛ እንዲፈልግልኝ ነገርኩት፤ ሰውየውም አገኘልኝ። ነቀላው ነቀላ ነው፣ ማን ነቀለው ማን ይጠይቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ረቡዕ ማታ ተኛሁ። ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁና አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ተሳደብኩ፤ በደንብ አድርጌ ነው የተሳደብኩት። ተነሥቼ ለደላላው ተወው አልኩትና መኪናዬን አስነሣሁ።

ማሳው ደርሶ ነበር። እኛ የዘራነው ከሌላው ዘግየት ብሏል፤ የሊቀመንበሩ መስመር እዚህ ጥቅጥቅ፣ እዚያ መላጣ ሆኖ ከሩቅ ይታወቃል። ከሰዎቹ ጋር ተሰልፌ መንቀል ጀመርኩ። እስከ ረፋዱ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ «መጣች እንዴ?» ይላል ለባለማሳዋ። «መጣች» ይላሉ እሳቸው ቀና ሳይሉ። መንገደኛው ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ሽማግሌውም መጡ፤ እጄን ይዘው መዳፌን አዩና «እሰይ» ብለው ሄዱ።

ጾም ስለነበር ምሳችን ሽሮና ጠላ ነው። ከባለማሳዋ ጋር ከክምሩ ጥላ ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ይኼን ጊዜ ነበር። እናቴን የሚያውቃት ሰው ከሞተች ወዲህ አላገኘሁም፤ ስለ እሷ ሊነግሩኝ የሚችሉት አንድ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እናቴ ያኔ ምን ትመስል ነበር?» አልኳቸው።

የጎረሱትን እንጀራ ዋጡ።

«አይቻት አላውቅም» አሉኝ።

የቀለዱ መሰለኝ። ሣቅሁ። እሳቸው ግን ጠላውን ወደ እኔ አስጠግተው ቀጠሉ። «እኔ የደራ ሰው ነኝ። እዚህ ተድሬ የመጣሁት አንች ሄድኩ ካልሽበት ዓመት በኋላ ነው። የእናትሽን ስም ያን ዕለት ከአፍሽ ሰማሁት።»

«ጥጃውስ?»

«ጥጃ የምትፈራው የእኔ ታላቋ ልጅ ናት። አሁንም ትፈራለች፤ ጎንደር ነው ያለችው።»

 የሰጡኝ ያች ጥጃ ፈሪ ልጅ የሌላ ሰው ልጅ ሆነች። አራት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳወራላት ነበር፤ ቢሮ ውስጥ እንኳ ያልሰማ የለም። ተናደድኩ ብል አልዋሸሁም፤ ወዲያው ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ።

«እና ለምን አውቃታለሁ አሉ?»

«አላስቻለኝም» አሉ። «አገሬ ነው ብላ ቆማ የሚያውቃት ስታጣ ሳይ አላስቻለኝም። ማሳዬን አበላሽተሻል፣ እሱስ አናዶኛል። ግን እኔም ተድሬ ስመጣ ዓመት ሙሉ ይች የማን ናት፣ ከየት ናት ሲሉኝ ነው የከረሙት። ሰው ያንን አያየው።»

«ባልመጣስ ኖሮ?» አልኳቸው። 

«መሣቂያ ማድረጉንማ አድርገውኛል። ያች ልጅሽ ትመጣለች ወይ እያሉ ውኃ ስወርድ ይጠይቁኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ይጠይቁኛል። ማሳሽን የደመሰሰ ሰው ዋስ ሆነሽ ብለው መተረቻ አድርገውኝ ነው የከረሙት። ትመጣለች እል ነበር። አላውቅሽም እኮ፤ ግን ትመጣለች እል ነበር። ይኼውና መጣሽ።»

ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ሰው ሁሉ እያለፈ «መጣች እንዴ» ሲል የዋለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ስለ ደላላውና ስለ ቀን ሠራተኛው ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አፌ እንደ ልማዱ ሁሉን ሊዘከዝከው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እሳቸው ጭልፋውን አንሥተው ሽሮ ጨመሩልኝ።

«ብይ፣ የማሳው ግማሽ ገና አልተነካም» አሉኝ።

አልነገርኳቸውም። በላሁና ተነሥቼ ከጎናቸው ተሰለፍኩ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወገቤን ሳላቀና ነቀልኩ።